በቀን ስንት እንስሳ ማከም ይበዛል?

የእንስሳት ሐኪሞች ሲገናኙ መጠያየቃቸው የማይቀር አንድ ነገር አለ፤ «በቀን ስንት ታያለህ?» አንዱ አሥራ ሁለት ይላል። ሌላው ሠላሳ ይላል። ሠላሳ ያለው በአንድ በኩል ይኮራል፣ በሌላ በኩል ያማርራል። ክርክሩም እዚያው ይጀመራል። የክሊኒኩ ባለቤት ኪራዩን፣ ደመወዙንና የመድኃኒቱን ወጪ አስልቶ «ትንሽ ጨምሩ» ይላል። ሐኪሙ «በዚህ ላይ ከተጨመረማ ሥራው ሥራ አይሆንም» ይላል። ውሻውን ይዞ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ሁለቱንም ይፈልጋል። ቶሎ መግባትም፣ ከገባ በኋላ ሳይጣደፉ እንዲያዩለትም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ ግን ባሰበት። በኮሮና ጊዜ ቤት የዋለ ሰው እንስሳውን ቀኑን ሙሉ ማየት ጀመረ። ድሮ ልብ የማይለውን ማከክና ማንከስ ልብ አለ። በብዙ አገር ቤቱ እንስሳ ያስገባው ሰው በዛ። ክሊኒኮቹ በበኩላቸው በጥንቃቄ ሕጎች ምክንያት ሥራቸው ተጓተተ፣ ባለሙያም አጠራቸው። ወረፋው ያኔ ረዘመ፤ በብዙ ቦታም እንደረዘመ ቀረ።

እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት በተሳሳተ ቁጥር ላይ ነው። «በቀን ስንት» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ስለ ጥራት የሚነግረን እምብዛም ነው። ብዙ እያከሙ ጥሩ መሥራት ይቻላል። ጥቂት እያከሙም ማበላሸት ይቻላል። ልዩነቱ የሚመጣው የትኛው ሥራ ከየትኛው ጋር እንደተደባለቀ፣ ማን ምኑን እንደሚሠራ፣ በቀጠሮ ደብተሩ ላይስ ምን ያህል ክፍት ቦታ እንደተተወ ነው።

ሠላሳ ቀዶ ሕክምና በአንድ ቀን

ውሻና ድመት ማምከን ላይ ብቻ የሚሠሩ ክሊኒኮች አሉ። እዚያ አንድ ሐኪም በቀን 30 እና ከዚያ በላይ እንስሳ ያመክናል። ይህን መጀመሪያ የሰማ ሰው «ኧረ ጉድ! ስንቱ ይሞት ይሆን?» ቢል አይፈረድበትም። መልሱ ግን ያስገርማል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ የሚገኝ እንዲህ ያለ ክሊኒክ ያመከናቸው 71,557 እንስሳት መዝገብ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። የሞቱት ከ10,000 እንስሳት 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። ለብቻ ሲታይ በድመት 5፣ በውሻ ደግሞ ከ1 በታች ነው።

ይህን ከምን ጋር እናስተያየው? በብሪታንያ ከእ.ኤ.አ. 2002 እስከ 2004 በመደበኛ ክሊኒኮች የተሰበሰበ ትልቅ የሰመመን ጥናት አለ። በዚያ ጥናት ጤነኛ ከነበሩት ውሾች ከ10,000 አምስት፣ ጤነኛ ከነበሩት ድመቶች ደግሞ አሥራ አንድ ገደማ ሞተዋል። ጥናቶቹ በጊዜም፣ በቀዶ ሕክምናው ዓይነትም፣ በእንስሳቱ ዕድሜም ስለሚለያዩ ቁጥር ለቁጥር ማፋጠጥ ልክ አይደለም። ግን አንድ ነገር በደንብ ያሳያሉ። በቀን ብዙ መሥራት በራሱ እንስሳ አይገድልም።

ለምን? ምክንያቱም እዚያ የሚገባው ሥራ አንድ ዓይነት ነው። እንስሳቱ በአብዛኛው ወጣትና ጤነኛ ናቸው። የማይሆነው ገና ከበሩ ተለይቶ ይመለሳል። የመድኃኒቱ መጠን በክብደት ተሰልቶ ሰንጠረዥ ላይ ተጽፏል። አንዱ ሰመመን ይሰጣል፣ አንዱ ይላጫል፣ ያጥባል፣ አንዱ ሲነቁ አጠገባቸው ይሆናል። ሐኪሙ ከጠረጴዛው አይነሳም፤ ስልክ አያነሳም፣ ደረሰኝ አይጽፍም፣ ድመት የሚይዝ ሰው ፍለጋ አይዞርም። እጁ በአንድ ሥራ ላይ ስለሰላ ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው። አጭር ስለሆነ የሰመመኑ ጊዜ ያጥራል፣ የእንስሳው ሰውነትም ብዙ ሳይቀዘቅዝ ይነቃል። በአሜሪካ የመጠለያ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2008 መመሪያ አውጥቷል፤ በ2016ም አሻሽሎታል። መመሪያው ከምርመራ ጀምሮ እስከ ሕመም ማስታገሻና ክትትል ድረስ ምን መቅረት እንደሌለበት ይዘረዝራል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። እዚህ ግን የቸኮለ የለም። በሁለት ሥራዎች መካከል በከንቱ የሚባክነው ጊዜ ነው የጠፋው።

የምርመራ ክፍሉ ሌላ ዓለም ነው

አሁን ወደ ተራው ክሊኒክ እንምጣ። መጀመሪያ የገባው ክትባት የሚፈልግ ቡችላ ነው። ቀጥሎ ጆሮውን የሚያክ ውሻ። ከዚያ ምክንያቱ ሳይታወቅ የከሳች አሮጌ ድመት። ያለ ቀጠሮ መኪና የገጨው ውሻ ይደርሳል። ከእሱ በኋላ ደግሞ ስቃዩ እንዲያበቃ በመርፌ ሊያርፍ የመጣ የአሥራ አራት ዓመት ጓደኛ፣ ከሚያለቅስ ቤተሰብ ጋር። ለሁሉም የተመደበው ጊዜ ግን አንድ ነው። በብሪታንያ 10 ወይም 15 ደቂቃ የተለመደ ነው። በአሜሪካ 20 እና 30 ደቂቃ ይበዛል። ቡችላው ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል፤ የከሳችው ድመት ግን ገና ታሪኳ ተነግሮ አያልቅም።

ጆሮውን የሚያክውን ውሻ ጠለቅ ብለን እንየው፤ ከሱ የበለጠ ተራ ጉዳይ የለምና። በ10 ደቂቃ ምን እንደሚሠራ ይታወቃል። ጆሮውን ገለጥ ያደርጋሉ፣ «ቀልቷል» ይላሉ፣ ጠብታ ይሰጣሉ፣ ቀጣዩን ይጠራሉ። ጠብታው ብዙ ጊዜ አንቲባዮቲክ፣ ፀረ ፈንገስና ስቴሮይድ የተቀላቀሉበት ነው። ስለዚህ ለጊዜው ያሽላል። ማከኩ ይቆማል፣ ባለቤቱ ያመሰግናል። ከሁለት ወር በኋላ ውሻው ያንኑ ጆሮ ይዞ ይመለሳል።

ሌላ 10 ደቂቃ ቢኖርስ? ሐኪሙ ከጆሮው ፈሳሽ በጥጥ ወስዶ መስታወት ላይ ይቀባል። ቀለም ያስነካና በማይክሮስኮፕ ያያል። ፈንገስ ነው ወይስ ባክቴሪያ? ባክቴሪያ ከሆነስ ክብ ነው ወይስ ዘንግ መሰል? ዘንግ መሰሉ ስዩዶሞናስ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ለብዙ መድኃኒት የማይበገር ነው። ፈንገስ ብቻ ከሆነ አንቲባዮቲኩ ምንም አይፈይድም። ቀጥሎ ኦቶስኮፕ በሚባለው የጆሮ መመልከቻ የጆሮው ታምቡር ደህና መሆኑን ያያል። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ አንዳንድ ጠብታዎች ወደ ውስጥ ዘልቀው መስማትን ሊጎዱ ይችላሉ። ከዚያ «እግሩንስ ይልሳል?» ብሎ ይጠይቃል። እየተመላለሰ ከሚያስቸግር የጆሮ ሕመም ጀርባ ብዙ ጊዜ አለርጂ አለ። አለርጂው ካልተያዘ ጆሮው አይድንም።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። የ20 ደቂቃው ሐኪም ውሻውን አንዴ አየው። የ10 ደቂቃው ሐኪም ሦስት ጊዜ አየው፤ 30 ደቂቃ ማለት ነው። በመዝገቡ ላይ ግን ሁለተኛው ክሊኒክ «ሦስት ታካሚ አየሁ» ብሎ ይጽፋል፣ ከሁሉም ክፍያ ይቀበላል። ያልዳነ እንስሳ የታካሚ ቁጥር ያበዛል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ያለ ክሊኒክ ሲታይ ጎበዝ ነው ከማለት በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ባለፈው ሳይድን ሄዶ የተመለሰ ነው የሚለው ነው። ይህን የሚጠይቅ ሥራ አስኪያጅ ብዙ አይደለም።

ሌላው የጥድፊያ ሰለባ ወሬው ነው። እንስሳ አይናገርም፤ ስለዚህ የምርመራው ግማሽ ከባለቤቱ አፍ የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በሰው ሕክምና ላይ የወጣ ታዋቂ ጥናት ሐኪሞች ታካሚያቸውን በአማካይ በ18ኛው ሴኮንድ እንደሚያቋርጡ አሳይቶ ነበር። በካናዳ በእንስሳት ሐኪሞች ላይ ተመሳሳይ ጥናት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። ውጤቱ ባሰ። መካከለኛው ቁጥር 11 ሴኮንድ ሆነ። ገና መግቢያው ላይ የተቋረጠ ሰው ዋናውን ነገር በር ሲከፍት ያነሳዋል፤ «ለካ ረስቼው፣ ደግሞ ሰሞኑን ውኃ በጣም ይጠጣል።» ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር የኩላሊት ወይም የስኳር በሽታ ፍንጭ ልትሆን ትችላለች። የተመደበው ጊዜ ግን አልቋል።

ፍርሃትም አለ። በኃይል ተይዛ የተመረመረች ድመት የደም ስኳሯ ይወጣል፣ የልብ ምቷ ይፈጥናል፣ የደም ግፊቷ ከፍ ይላል። ስኳር የሌለባት ድመት ስኳር ያለባት ልትመስል ትችላለች። አምስት ደቂቃ ከሳጥኗ ሳትወጣ እንድትረጋጋ ቢጠበቅላት የሚገኘው ቁጥር ሌላ ነው። ለመቸኮል ሲባል የተወሰደ የተሳሳተ ውጤት ደግሞ ሌላ ምርመራ ይጠራል፤ ያውም በባለቤቱ ወጪ።

መጀመሪያ የሚቀረው የማይታየው ነው

ክሊኒክ ሲጨናነቅ ሁሉም ነገር እኩል አይቀንስም። መርፌው አይቀርም፣ ክፍያውም አይቀርም። የሚቀረው ደረሰኝ ላይ የማይጻፈው ነው። እንስሳውን ዳግም መመዘን፣ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ማየት፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚዋጥ ባለቤቱን ማሳየት፣ በሦስተኛው ቀን ደውሎ «እንዴት ሆነ?» ማለት። ባለቤቱም አንድ ነገር እንደጎደለ አያውቅም።

ከነዚህ ሁሉ አደገኛው ከሰመመን በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ቅድም ያነሳሁት የብሪታንያ ጥናት ከሞቱት ውሾች 47 በመቶው፣ ከሞቱት ድመቶች ደግሞ 61 በመቶው የሞቱት ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ መሆኑን አግኝቷል። ብዙዎቹም በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ውስጥ ነው። ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ «አለቀ» በሚልበት ጊዜ ማለት ነው። በተጨናነቀ ቀን ያ ሰዓት ነርሷ ቀጣዩን እንስሳ ለማዘጋጀት የምትጠራበት ሰዓት ነው። በጓዳው የተኛችው ድመት ብቻዋን ትቀራለች። ጥናቱ የልብ ትርታና የኦክስጅን ክትትል የተደረገላቸው ድመቶች የመሞት ዕድላቸው ያነሰ መሆኑንም አሳይቷል። መሣሪያው ብዙ ቦታ አለ። የሚጠፋው አጠገባቸው ሆኖ የሚያየው ሰው ነው።

ክፍት ቦታ ብክነት ነው?

የቀጠሮ ደብተር ከጠዋት እስከ ማታ ሲሞላ ሥራ አስኪያጅ ደስ ይለዋል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። ሰዎች በዘፈቀደ የሚመጡበትን፣ የእያንዳንዱም ጉዳይ ርዝመት የሚለያይበትን አንድ ሐኪም ብቻ ያለው ክሊኒክ እናስብ። በወረፋ ሒሳብ ቀላሉ ቀመር መሠረት ሐኪሙ ከጊዜው 80 በመቶው ከተያዘ አማካይ ጥበቃው የአንድ ምርመራን 4 እጥፍ ይሆናል። 90 በመቶ ሲሆን 9 እጥፍ። 95 በመቶ ሲሆን 19 እጥፍ። የመጨረሻዋ 5 በመቶ ገቢ ወረፋውን ከእጥፍ በላይ ታስረዝመዋለች። ቀጠሮ ሲኖር ነገሩ ይለዝባል እንጂ ቅርጹ አይለወጥም። ጆን ኪንግማን የሚባል የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው ቀመር ደግሞ የጉዳዮቹ መለያየት ሲጨምር ጥበቃው አብሮ እንደሚንር አሳይቷል። ማምከኛው ክሊኒክ 30 እንስሳ የሚችለው፣ ተራው ክሊኒክ በ18 የሚታፈነው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ጉዳዮቹ አይለያዩም።

ከዚህ የሚመጣው ምክር ቀላል ቢሆንም የክሊኒክ ባለቤቶችን ያስቆጣል። ከጠዋቱም ከሰዓት በኋላውም አንዳንድ ቦታ ሆን ተብሎ ባዶ መተው አለበት። ቦታው ለድንገተኛው ነው። ድንገተኛው የማይመጣበት ቀን ብርቅ ነው፤ ካልመጣም የዘገየው ይስተካከልበታል፣ ያልተደወለው ይደወልበታል። ክትባቱን፣ የጥፍር ቆረጣውን፣ የስፌት ማውጣቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ደርድሮ በፍጥነት መጨረስም ይቻላል። የከሳችውን ድመት ዓይነት ግን ረዘም ያለ ቀጠሮ ይሰጣት። ሁሉንም በ15 ደቂቃ መቁረጥ ለኮምፒዩተሩ ይመቻል እንጂ ለማንም አይመችም።

ይህ እንዲሠራ ስልክ የሚያነሳው ሰው ማወቅ ያለበት ነገር አለ። አንድ ሰው ደውሎ «ወንዱ ድመቴ ሆዱ ደርቋል መሰለኝ፤ አሸዋው ላይ ይቀመጥና ያምጣል፣ ምንም አይወጣውም» ቢል፣ ያልሠለጠነ እንግዳ ተቀባይ «ነገ ከሰዓት ይምጡ» ይላል። የሠለጠነው «ሽንቱስ ይወጣል?» ብሎ ይጠይቃል። የወንድ ድመት የሽንት ቱቦ ሲዘጋ በደሙ ውስጥ ፖታሲየም ይከማቻል፣ ልቡን ያቆመዋል። ነገ ላይደርስ ይችላል። ሆዱ የተነፋና ለማስመለስ እየታገለ ምንም የማይወጣው ትልቅ ውሻም እንደዚሁ ነው፤ ጨጓራው ዞሮ ሊሆን ይችላልና ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ለኔ ከክሊኒኩ ሠራተኞች ሁሉ ጥራቱን መጀመሪያ የሚወስነው ስልኩን የሚያነሳው ሰው ነው። ደመወዙ ግን ከሁሉም ያነሰ ነው። እንግዲህ ይታያችሁ።

ሐኪሙ ብቻ የሚሠራው ምንድን ነው?

በሽታን መለየት፣ መድኃኒት ማዘዝ፣ ትልቅ ቀዶ ሕክምና፤ እነዚህ በብዙ አገር ሕግ ለሐኪሙ የተተዉ ናቸው። ደም መቅዳት፣ ቁስል መጠቅለል፣ ራጅ ማንሳት፣ ባለቤቱን ስለ አመጋገብ ማስተማር ግን የሠለጠነ ነርስ ወይም ረዳት ይችለዋል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. የ1966ቱ የእንስሳት ሐኪሞች ሕግ የተመዘገቡ ነርሶች በሐኪም ትእዛዝ ሕክምናና ትንንሽ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ ይፈቅዳል። ሆኖም ብዙ ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ እንስሳ ይዛ ትቆማለች፣ ሐኪሙ ደም ይቀዳል። ከዚያ «ሐኪም አነሰን» ይባላል።

በሥራ ክፍፍል ላይ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፤ ቼክሊስት፣ ማለትም መቅረት የሌለበትን አንድ በአንድ ምልክት እያደረጉ የሚያረጋግጡበት ዝርዝር። ሥራ በብዙ እጅ ሲያልፍ የሚረሳ ነገር ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሰው ቀዶ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ቼክሊስት በ8 ሆስፒታሎች ተሞክሮ ከባድ ችግር የገጠማቸውን ታካሚዎች ከ11 ወደ 7 በመቶ አውርዷል። በስዊድን በውሾችና በድመቶች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤት ከዚያም ይበልጣል፤ ከ17 በመቶ ወደ 7 በመቶ። ቼክሊስቱ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። የተመለሰ ቁስልን እንደገና መስፋት ስንት እንደሚወስድ የሠራ ያውቀዋል።

ሰሞኑን ደግሞ ንግግሩን ሰምቶ መዝገቡን የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ክሊኒኮች ውስጥ እየገባ ነው። ማታ ቁጭ ብሎ መዝገብ መሙላት ለሰለቸው ሐኪም እፎይታ ነው። የኔ ስጋት አንድ ነው። የተረፈው ጊዜ ለታካሚው ይሰጣል ወይስ ሌላ ቀጠሮ ይገባበታል?

የገንዘቡ ነገር

ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ የክፍያው ሥርዓት ነው። በአሜሪካ ብዙ ሐኪሞች የሚከፈላቸው ካስገቡት ገቢ ተሰልቶ ነው። እንዲህ ሲሆን ደውሎ መጠየቅ ኪሳራ ይሆናል፣ ተጨማሪ ምርመራ ማዘዝ ትርፍ። ሐኪሙ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ክፍያው ራሱ ወደዚያ ይገፋል። በሌላ በኩል ደመወዙ ቁርጥ የሆነ ሐኪምም ለመፍጠን ምክንያት የለውም። ፍጹም የሆነ ሥርዓት አላየሁም፤ ግን ክትትልንና የስልክ ምክርን እንደ ሥራ የማይቆጥር ሥርዓት ያገኘው ጥራት የሚገባውን ነው።

የባለቤትነቱ ለውጥም ነገሩን አጡዞታል። የብሪታንያ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2013 በትልልቅ ኩባንያዎች ሥር የነበሩት ክሊኒኮች 10 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ 60 በመቶ ተጠግተዋል። ማርስ የተባለው የቸኮሌት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ቪሲኤ የሚባለውን የአሜሪካ የእንስሳት ሆስፒታሎች ሰንሰለት ጠቅልሎ ገዝቷል። ትልቅ ኩባንያ ውድ መሣሪያ ይገዛል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ የሌሊት ተረኛ ያቆማል። አብሮም ለእያንዳንዱ ክሊኒክ ወርኃዊ ቁጥር ይልካል። ከሩቅ ሆኖ ለመቁጠር የሚቀለው ደግሞ የታካሚ ብዛትና ገቢ ነው።

እዚህ ላይ ሐኪሞቹንም ልውቀስ። ጥራት ሲባል ብዙዎቹ የሚታያቸው በጣም ውዱ ሕክምና ነው። ባለቤቱ ያን መክፈል ካልቻለ ወይ እንስሳው ሳይታከም ይመለሳል ወይ በመርፌ ያርፋል። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፓርቮ የሚባለው ከባድ የአንጀት ቫይረስ በያዛቸው 40 ውሾች ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አለ። ግማሾቹ ሆስፒታል እንደተኙ ሙሉ ሕክምና አገኙ፤ 90 በመቶው ዳኑ። ግማሾቹ ከቆዳ ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ፣ በማስታወክ መከላከያና አንዴ ተሰጥቶ ለብዙ ቀን በሚሠራ አንቲባዮቲክ፣ በተመላላሽ ታካሚ ደንብ ታከሙ፤ 80 በመቶው ዳኑ። ሁለተኛው መንገድ የአልጋ፣ የሰውና የገንዘብ ጫናው በብዙ ይቀላል። የመጀመሪያው ይሻላል፣ ምንም ክርክር የለውም። ግን አልጋው ሁለት፣ የታመሙት ቡችሎች ስድስት ከሆኑ፣ አራቱን «አቅም የለንም» ብሎ መመለስ ጥራት ሊባል አይችልም።

ብዛቱ ራሱ ጥራት ሲሆን

እስካሁን ያወራነው ስለ አንድ እንስሳ ነው። በመንጋ ደረጃ ነገሩ ይገለበጣል። የእብድ ውሻ በሽታ በዓመት 59,000 ገደማ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በውሻ ንክሻ ነው። ስርጭቱን ለመግታት በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው መከተብ አለባቸው። አንድን ውሻ ከጥፍር እስከ ጆሮ እየመረመረ በቀን አሥር የሚከትብ ቡድን ለነዚያ አሥሩ ደግ ሠርቷል፤ አካባቢውን ግን አላዳነም። የከብት ደስታ በሽታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታወጅም ከድሉ ጀርባ የነበረው ይህ ነው። ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባትና ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ከታቢዎች። ሐኪም በማይደርስበት ቦታ ብዛቱን ያመጡት እነሱ ናቸው።

እዚህም ቢሆን የማትነካ ነገር አለች፤ የክትባቱ አያያዝ። ፀሐይ የመታው ክትባት ከደህናው ጋር በመልክ አይለይም። አንድ ሺህ ከብት በተበላሸ ክትባት መውጋት መዝገቡ ላይ አንድ ሺህ ሆኖ ይሞላል።

ሐኪሙስ?

በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1979 እስከ 2015 የነበረውን የሞት መዝገብ የመረመረ ጥናት ሴት የእንስሳት ሐኪሞች ራሳቸውን የማጥፋት መጠናቸው ከሌላው ሕዝብ 3.5 እጥፍ፣ ወንዶቹ 2.1 እጥፍ መሆኑን አግኝቷል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ገዳይ መድኃኒት በእጃቸው መሆኑ ትልቅ ድርሻ አለው። ስለዚህ ሁሉንም በታካሚ ብዛት ማላከክ ስህተት ነው። ይሁን እንጂ ከሚያለቅስ ቤተሰብ ክፍል ወጥቶ በቀጥታ፣ ፊቱን ሳይታጠብ እንኳ፣ የቡችላ ክትባት ክፍል ገብቶ ፈገግ ማለት ሰውን ያደክማል። ቅድም ያልኩት ክፍት ቦታ ለዚህም ይሆናል።

ታዲያ አንድ ክሊኒክ ታካሚ መጨመሩ ጥራቱን እንደጎዳው በምን ያውቃል? ሊቆጠሩ የሚችሉ ነገሮች አሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለዚያው ሕመም ሳይታሰብ የተመለሰ እንስሳ ስንት ነው? ከማምከን በኋላ ቁስሉ ያመረቀዘ ስንት ነው? ያለ ማይክሮስኮፕ ምርመራ አንቲባዮቲክ የተሰጠው ጆሮ ስንት ነው? በሰመመን ላይ እያለ የክትትል ወረቀቱ ያልተሞላስ? በብሪታንያ አርሲቪኤስ ኖውሌጅ የሚባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ክሊኒኮች የማምከን ውጤታቸውን እንዲያስገቡና ከሌሎች ጋር እንዲያስተያዩ የሚያደርግ ነጻ አሠራር አለው። ተራ የኮምፒዩተር ሰንጠረዥም ይበቃል። በቀን ሁለት ታካሚ ተጨምሮ እነዚህ ቁጥሮች ካልተነቃነቁ፣ ሐኪሙ ቢያጉረመርምም ክሊኒኩ አቅም ነበረው ማለት ነው። ከተነቃነቁ ደግሞ ቦታውን ይጠቁማሉ። የተመለሰው ጆሮ ከሆነ የጆሮ ቀጠሮ ይርዘም። ቁስል ከሆነ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይታይ። ከሰመመን ሲነቁ የሞቱ ካሉ ግን ሁለቱን ታካሚ በዚያው ቀን መሰረዝና እንስሳቱ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው መመደብ ነው።